ከቁልቢ መልስ፤ ስለ ድሬዳዋ ውኃና ስለ እኅቴ ቡና ማፍያ

የቁልቢ ገብርኤልን በዓል ለማክበር የወጣ ምእመን ስእለቱን አድርሶ ሲመለስ እግሩ ይደክማል፤ ልቡ ግን ያርፋል፤ ዐይኑም ብዙ አገር አይቶ ይመለሳል። እኔም በ2016 ዓ.ም. ታኅሣሥ 19 ቀን፣ ራስ መኮንን ባሳነጹት በዚያ ደብር አስቀድሼ፣ ከሕዝቡ ብዛት የተነሣ ቀስ እያለ በሚሄድ አውቶቡስ ወደ ድሬዳዋ ወረድሁ። የመውረዴም ምክንያት ሁለት ነበረ። አንደኛው በዚያች ከተማ የሚኖሩትን ታላቅ እኅቴን ለመጠየቅ ሲኾን፣ ሁለተኛው በአውሮፓ የሚኖረው ልጃቸው የጣለብኝን አደራ ለመፈጸም ነው። አደራውም ሲሰሙት ትንሽ ነገር ነው። «ጋሼ፣ የፊተኛው የቡና ማፍያ በዓመቱ ተበላሸ፤ አሁን ግን ብዙ ዘመን የሚያገለግል መርጠው ለእማዬ ይግዙልኝ» ብሎ ገንዘቡን ልኮልኝ ነበረ። ይህን ጽሑፍ መጻፌ ያ ትንሽ አደራ ስለ ውኃ ያስተማረኝን ለመናገር ነው፤ እግረ መንገዱንም የገዛ በደሌን እንዴት እንደ ገለጠብኝ ላልሸሽግ ነው።

ከቁልቢ ተነሥቶ ደንገጎ ሲደርሱ መንገዱ ይከፈላል። አንዱ ወደ ሐረር ይቀጥላል፤ ሌላው እየተጠማዘዘ ወደ ድሬዳዋ ይወርዳል። ላይ ጋቢ የሚያስደርበው ነፋስ፣ የማሽላውና የጫቱ እርከን ቀስ በቀስ ወደ ኋላ ይቀርና ግራርና ቁጥቋጦ ይተካዋል፤ ሙቀቱም ፊትን እየመታ ይቀበላል። ከተማይቱ የምትገኘው ከባሕር ወለል በላይ በ1,200 ሜትር ገደማ ነው። ተጓዡ ልብ ብሎ ቢመለከት በዚህ አገር ብዙ ነጣ ያለ ድንጋይ ያያል። ይህ የኖራ ድንጋይ ነው። የሲሚንቶ ፋብሪካ በጣሊያን ወረራ ዘመን በድሬዳዋ የተሠራው፣ የሲሚንቶ ዋና ጥሬ ዕቃ የኾነው ይኸው ድንጋይ በቅርብ ስለሚገኝ ነው። የጥንት ሰዎች የድንጋይ መሣሪያ የተገኘበት በከተማይቱ አጠገብ ያለው ፖርኬፒክ የሚባል ዋሻም ውኃ በረጅም ዘመን የኖራውን ድንጋይ እያሟሟ የፈለፈለው ነው። አንባቢ ይህን ድንጋይ በልቡ ይያዝልኝ፤ ኋላ ከቡና ማፍያው ውስጥ እናገኘዋለንና።

ድሬዳዋ የባቡር ልጅ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ከዚህ ሜዳ ሲደርስ ከተማይቱ ተቈረቈረች። የባቡሩ ሰዎች በፕላን የሠሩት፣ ቀጥ ያለ ጎዳናና የዛፍ ጥላ ያለበት ከዚራ በአንድ ወገን፣ ገበያው የደመቀበት መጋላ በሌላው ወገን ይገኛሉ። በመካከላቸው ደቻቱ ያልፋል። ደቻቱ በበጋ አሸዋ ብቻ ነው፤ ሰውም ግመልም ይረግጠዋል። ነገር ግን በ1998 ዓ.ም. ክረምት ሌሊት ድንገት ሞልቶ ብዙ ነፍስና ብዙ ቤት ወስዷል። እንግዲህ ውኃ በዚህች ከተማ ቸል የሚባል ነገር አይደለም፤ ሲመጣ ያስፈራል፣ ሲጠፋም ያስጨንቃል። ከተማይቱ የምትጠጣው ደግሞ ሳቢያንን ከመሰሉ ሥፍራዎች ከተቈፈሩ ጥልቅ ጕድጓዶች የሚወጣውን ነው።

እኅቴ በመጋላ ወገን ይኖራሉ። ባለቤታቸው በባቡር ሥራ ሲያገለግሉ ኖረው ካረፉ ብዙ ዓመት ኾኗል። እርሳቸውም ዕድሜያቸው ገፍቶ እጃቸውን ቁርጥማት ይዞታል፤ ሙቀጫና ዘነዘና ማንሣት፣ ከከሰል አጠገብ ተቀምጦ እስከ በረካ ድረስ ጀበና ማገላበጥ አይችሉም። ልጃቸው የፊተኛውን የኤሌክትሪክ የቡና ማፍያ የላከላቸው ስለዚህ ነበረ። በወር በወሩ በ21 ቀን የእመቤታችንን ጽዋ የሚጠጣ ማኅበር አላቸው፤ የማኅበርተኞቹም ተራ በዚያ ወር የደረሰው ከእርሳቸው ቤት ነበረ። አያቶቻችን በአንድ ዘመን ቡናን ይነቅፉት እንደ ነበረና በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን፣ በተለይም በአቡነ ማቴዎስ አስተያየት፣ ነቀፋው እየላላ እንደ ሄደ ይነገራል። ዛሬ ግን ማኅበር ያለ ቡና ሲበተን እንግዳው ያልተከበረ ይመስለዋል። ስለዚህ እኅቴ ይጨነቁ ነበረ።

ቅዳሜ ጧት የተበላሸውን ማፍያ አሳዩኝ። በመደርደሪያ ላይ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ተቀምጧል። «ይህን እንኳ ያቺ ልጅ ናት ያጠፋችው» አሉኝ። ያን ጊዜ ነገሩ ትዝ አለኝ። በ2014 ዓ.ም. ሐምሌ ወር ስልክ ደውለው ማፍያው የመቃጠል ሽታ አሽትቶ እንደ ቆመ፣ በዚያችም ሰዓት ያበራችው በቤታቸው የምታገለግለው ልጅ እንደ ነበረች ነግረውኝ ነበረ። እኔም ያለ ምርመራ፣ አዋቂነቴን በመተማመን፣ «እንዲህ ያለው ዕቃ የሚቃጠለው ውኃ ሳይኖርበት ሲበራ ነው፤ ልጅቱ ውኃ ሳትጨምር አብርታዋለች» ብዬ ፈረድሁ። ልጅቱ ውኃ መጨመሯን ምላ ብትናገር የሚሰማት አልተገኘም። የሁለት ወር ደመወዟ በዕቃው ፈንታ ተይዞ ከቤት ወጣች። እኅቴ ቂመኛ ሰው አይደሉም፤ ያመኑት የእኔን ቃል ነው።

የማፍያውን የታች ክዳን በመፍቻ ከፈትሁ። በውስጡ ያለው አሠራር ቀላል ነው። ውኃው ከማጠራቀሚያው በአንዲት ጠባብ ቱቦ ይወርዳል፤ በማሞቂያው ብረት ሥር ሲያልፍ ይፈላል፤ በፈላም ጊዜ ራሱን እየገፋ ወደ ላይ ወጥቶ በተፈጨው ቡና ላይ ይንጠባጠባል። ቱቦዋን አውጥቼ ወደ ብርሃን ባነሣት ብርሃን አላሳለፈችም። ከጫፍ እስከ ጫፍ በነጭ ድንጋይ ተደፍናለች። ጥቂት በቢላዋ ፍቄ ሎሚ ጠብ ባደርግበት ቻ ብሎ አረፋ አወጣ። ሎሚ ሲነካው እንዲህ የሚፈላ ነጭ ቅርፊት ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ ይኸውም በመንገዴ ሳየው የመጣሁት የኖራ ድንጋይ ነው።

ይህን ነገር እኔ ብዙ ዓመት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፌ ያስተማርሁት ነው። ዝናም ከአየርና ከአፈር ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለውን ጋዝ ይዞ ደካማ አሲድ ይኾናል፤ በኖራ ድንጋይ ስንጥቅ ሲሰርግም ድንጋዩን ጥቂት በጥቂት እያሟሟ ካልሲየምና ማግኒዚየም ይሸከማል። እንዲህ ያለው ውኃ ጠንካራ ውኃ ይባላል። በአንድ ሊትር ውስጥ ያለው መጠን በካልሲየም ካርቦኔት ሲሰላ ከ60 ሚሊግራም በታች ቢኾን ለስላሳ፣ ከ120 በላይ ቢኾን ጠንካራ፣ ከ180 በላይ ቢኾን እጅግ ጠንካራ ይሉታል፤ የድሬዳዋ ውኃ ከዚህ ከመጨረሻው ወገን ነው። ጠንካራነቱ የሚጠጣውን ሰው አይጎዳውም፤ ሳሙናን ግን አረፋ ያስከለክለዋል፤ ሲሞቅም የተሸከመውን ድንጋይ በነካው ነገር ላይ ይጥለዋል። ድንጋዩ ሙቀት በደኅና አያሳልፍም። ስለዚህ ማሞቂያው ይግላል፣ ቱቦው ይጠባል፣ በመጨረሻም ውኃው ጨርሶ ማለፍ ሲያቅተው ብረቱ ባዶውን ይነድና ከቃጠሎ የሚጠብቀው ትንሽ ሽቦ ይበጠሳል። እኔ «ያለ ውኃ በርቷል» ማለቴ እንግዲህ ግማሽ እውነት ነበረ። ብረቱ ያለ ውኃ መንደዱ እውነት ነው፤ ውኃውን የከለከለው ግን ድንጋዩ እንጂ ልጅቱ አልነበረችም። ግማሽ እውነት ሙሉ በደል ሊሠራ እንደሚችል በዚያች ጧት ተረዳሁ።

ነገሩን ለእኅቴ ባስረዳቸው ቱቦዋን በእጃቸው ይዘው ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። በኋላም «ከቁልቢ መጣሁ ትላለህ፤ እኔም ነገ የእመቤታችንን ጽዋ ላነሣ ነው። የሰው ደመወዝ በቤቴ አስቀምጬ እንዴት አድርጌ ነው የማነሣው?» አሉኝ። የምመልሰው አጣሁ። ወንጌል መባ ከማቅረብ በፊት ከተቀየሙት ሰው ጋራ መታረቅን እንደሚያዝ በልጅነቴ በዜማ ቤት የተማርሁት ነገር ነበረ። «እትዬ፣ የፈረድሁት እኔ ነኝ፤ ፈልጌ አገኛታለሁ» ብዬ ወጣሁ።

ልጅቱን ከደቻቱ ዳር፣ ከአንድ ዛፍ ጥላ ሥር አገኘኋት። ጀበናና ስኒ፣ ጥቂትም መቀመጫ ይዛ ለመንገደኛ ቡና ትሸጣለች። በመጀመሪያ ሳታውቀኝ ቡና ቀዳችልኝ፤ ቡናውም የሐረር ቡና እንደ ኾነ የፍሬ ጣዕሙ ይመሰክር ነበረ። ማን እንደ ኾንሁ ስነግራት ግን ፊቷ ተለወጠ። ነገሩን ሁሉ፣ የራሴንም ጥፋት፣ ሳልሸሽግ ነግሬ የተያዘውን ደመወዟን ሰጠኋት። ገንዘቡን ተቀበለች፤ አልቈጠረችውምም። «የኔታ፣ እኔን የጎዳኝ ደመወዙ አይደለም። ዕቃ አጥፊ ናት ተብሎ ስለ ተወራብኝ ሌላ ቤት የሚቀጥረኝ አጣሁ። አሁን እማማ በአፋቸው ልጅቱ አላጠፋችም ቢሉልኝ ይበቃኛል» አለች።

ያን ጊዜ ጀበናዋን አየሁት። ከዚያው ውኃ እየቀዳች ቀኑን ሙሉ ታፈላለች፤ ጀበናው ግን አልተደፈነም። ምን እንደምታደርግ ብጠይቃት፣ ከአንዲት አሮጊት የተማረችውን ነገረችኝ። ማታ ማታ ውኃውን በትልቅ ድስት ታፈላዋለች፤ እስኪነጋ ክዳን ገጥማ ታሳድረዋለች፤ ጧት ከላይ ያለውን ጥሩውን በቀስታ ወደ ሌላ ዕቃ ትገለብጥና የታቹን ትደፋዋለች። ይህች ልጅ ያለ መጽሐፍ የምታደርገው ነገር ትክክለኛ ሳይንስ ነው። ውኃው ሲፈላ አብዛኛው ኖራ ከድስቱ ጋራ ይቀራል፤ ከሰልፌት ጋራ የተያያዘው ግን በፈላ ውኃም ውስጥ ሳይወርድ ይኖራል። ድስቱ ነጭ ቢለብስ ድስት ነው፤ ይፋቃል፤ ጠባብ ቱቦ የለውምና አይታፈንም። የጀበና ምሥጢሩም ይኸው ነው። አፉ ይከፈታል፣ ሆዱ ይለቀለቃል፣ ቢያረጅም በትንሽ ዋጋ ሌላ ይተካል።

ከዚያ ወደ ገበያ ሄድሁ። ታይዋን በሚባለው ሰፈር ልዩ ልዩ ማፍያ ተደርድሮ አየሁ፤ ልጅቱ የነገረችኝንም መመዘኛ አድርጌ አንዱን ከሌላው አመዛዘንሁ። ለአንባብያን ይጠቅም እንደ ኾነ ሐሳቤን እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

በቁልፍ ብቻ ፈጭቶ፣ አሙቆ፣ ቀድቶ የሚሰጠው ትልቁ ማሽን ለዐይን ያምራል። ነገር ግን በውስጡ ብዙ ቀጭን ቱቦና ብዙ ትንንሽ መዝጊያ አለው። ጠንካራ ውኃ ባለበት አገር እያንዳንዱ ቱቦ የድንጋይ ማደሪያ ነው፤ ባለሙያና መለዋወጫ በቅርብ ካልተገኘም ዕቃው በአንድ ቀን ጌጥ ኾኖ ይቀራል። የሚያንጠባጥበው ማፍያም፣ የእኅቴን የመሰለው፣ ርካሽ ቢኾንም በአንዲት ቱቦ ነው የሚኖረው፤ በየወሩ በአሲድ ካልታጠበ ዕድሜ የለውም።

ጣሊያናዊው አልፎንሶ ቢያሌቲ እ.ኤ.አ. በ1933 ያወጣት፣ ሞካ የምትባለው በምድጃ ላይ የምትጣድ ማፍያ ግን እውነተኛ ጠንካራ ዕቃ ናት። የኤሌክትሪክ ማሞቂያ የላትም፤ ሦስት ክፍል ኾና ትፈታለች፤ የሚያልቀው የላስቲክ ቀለበቷ ብቻ ነው። ሁለት ነገር ግን ማወቅ ይገባል። አንደኛ፣ በጎኗ ያለችው የእንፋሎት መተንፈሻ በኖራ ብትደፈን አደገኛ ስለ ኾነች ዘወትር ትታይ፤ ውኃውም ከእርሷ በታች ይኹን። ሁለተኛ፣ የአሉሚኒየሙን ሎሚና አቸቶ ይበላዋልና በጠንካራ ውኃ አገር የማይዝገው ብረት ይሻላል። ለእኅቴ ይህችን ለመግዛት እጄን ዘርግቼ ነበረ። ኾኖም ሞካ በብርቱ ካልተጠመዘዘች እንፋሎት ታፈሳለች፤ ቁርጥማት የያዘው እጅ ደግሞ መጠምዘዝ አይችልም። ዕቃ የሚመረጠው ለሚይዘው እጅ ነውና ተውሁት።

በመጨረሻ የመረጥሁት ሁለት ዕቃ ነው። አንደኛው አፉ ሰፊ የኾነ፣ እጅ የሚያስገባ፣ ማሞቂያው ከብረቱ ወለል በታች የተሸፈነ የኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያ ነው። ሁለተኛው የፈረንሳይ የሚሉት፣ ቡናውን በወንፊት ወደ ታች የሚጫን፣ ብርጭቆ ሳይኾን ከማይዝግ ብረት የተሠራ ማፍያ ነው። ሸካራ ኾኖ የተፈጨውን ቡና ጨምሮ፣ የፈላ ውኃ አፍስሶ፣ አራት ደቂቃ ያህል ጠብቆ ወንፊቱን በመዳፍ መጫን ብቻ ነው። እንዲህ ሲኾን የሚያሞቀውና የሚያጠልለው ተለያየ። ኖራው የሚቀረው በማንቆርቆሪያው ብቻ ነው፤ ማንቆርቆሪያ ደግሞ በቀላሉ ይታጠባል። በተረፈው ገንዘብ ትንሽ የቡና መፍጫ ጨመርሁ፤ መፍጫ ውኃ ስለማይነካው ኖራ አያውቀውምና። ሁሉም በአገራችን ኃይል በ220 ቮልት የሚሠራ መኾኑን አስተያይቻለሁ፤ ከአሜሪካ የሚመጣ ዕቃ ብዙ ጊዜ ለ120 ቮልት የተሠራ ስለ ኾነ ዘመድ ያላችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

የአጠባበቁ ነገር እንዲህ ነው። በየሁለት ሳምንቱ በአንድ ሊትር ውኃ ሲትሪክ አሲድ ከሚባለው ነጭ ዱቄት አንድ የሾርባ ማንኪያ፣ ወይም የጥቂት ሎሚ ጭማቂ፣ ወይም እኩል አቸቶና ውኃ ጨምሮ አሙቆ ግማሽ ሰዓት ማቆየት፤ ከዚያም ሁለት ሦስት ጊዜ በንጹሕ ውኃ ማለቅለቅ ነው። አቸቶም ኾነ ሎሚ ከበረኪና ጋራ በፍጹም እንዳይቀላቀል፤ የሚወጣው ጋዝ ይመርዛልና። ሌሊት ውኃ በማንቆርቆሪያ ውስጥ አይደር። ከተቻለም እንደ ልጅቱ አፍልቶ ያሳደሩትን ውኃ መጠቀም ነው። ይህ ዕቃውን ብቻ ሳይኾን ጣዕሙንም ይጠቅማል፤ ጠንካራ ውኃ የቡናን ደስ የሚል ኮምጠጥ ማለት ያጠፋዋልና። በሌላ አገር የምትኖሩም ውኃችሁን ለማወቅ ባለሙያ አያስፈልጋችሁም። በማንቆርቆሪያችሁ ሥር ነጭ ቅርፊት ካለና ሎሚ ሲነካው ከፈላ፣ ውኃችሁ ጠንካራ ነው። በኖራ ድንጋይ ላይ የተመሠረተችው መቀሌም በዚህ የድሬዳዋ እኅት ናት።

እሑድ ታኅሣሥ 21 ቀን ማኅበሩ ተሰበሰበ። ጾመ ነቢያት ነበረና የቀረበው የጾም መብል ነው። ጸሎቱ ተደርሶ ጽዋው ከመዞሩ በፊት እኅቴ ተነሡና ያቺን የተደፈነች ቱቦ በሳሕን ላይ አድርገው ለማኅበርተኞቹ አሳዩ። «እኅቶቼ፣ ልጅቱ ዕቃዬን አጠፋች ብዬ በሰፈሩ የተናገርሁት ሐሰት ነው። ያጠፋው ይህ ድንጋይ ነው። እኔም ወንድሜም በድለናታል፤ እንደ ሰማችሁኝ አሁንም ስሙኝ» አሉ። ልጅቱ ተጠርታ መጥታ በበሩ አጠገብ ቆማ ነበረ። አንዲት አሮጊት «ነዪ ግቢ፣ ልጄ» ብለው እጇን ይዘው አስቀመጧት። ቡናውን ያፈላችው እርሷ ናት፤ በጀበና፣ አሳድራ ባመጣችው ውኃ። አዲሱ ማፍያ በዚያ ቀን ዐረፈ።

ካገር ከተመለስሁ በኋላ ደውዬ ጠይቄአለሁ። እኅቴ ጧት ጧት ያለማንም ርዳታ ቡናቸውን በአዲሱ ማፍያ ይጠጣሉ። ልጅቱ ወደ ሰው ቤት መቀጠር አልፈለገችም፤ ንግዷን ይዛለች፤ ነገር ግን የማኅበሩ ሴቶች ተራ በደረሳቸው ቤት ሁሉ ዋጋ ከፍለው ቡና ያስፈሏታል። ለእኅቴም ልጅ የፊተኛው ዕቃ ለምን እንደ ተበላሸ፣ እኔም ምን እንደ ፈረድሁ ጽፌለታለሁ።

እንግዲህ የተወደዳችሁ አንባብያን፣ ጠንካራ ውኃ ባለበት አገር የቡና ማፍያ ስትገዙ መክፈት የምትችሉትን፣ እጃችሁ ገብቶ የሚያጥበውን ምረጡ። በቤታችሁም ዕቃ ሲሰበር፣ ከእናንተ በታች ያለውን ሰው ከመክሰሳችሁ በፊት ዕቃውን ከፍታችሁ እዩ። እኔ ድንጋዩን ለማግኘት አንድ መፍቻና አንድ ሎሚ ብቻ በቅቶኝ ነበረ፤ ይህን ሳላደርግ በመቅረቴ ግን አንዲት ልጅ ዓመት ከመንፈቅ ስሟ ጠፍቶ ኖረ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።